የልብ ደዌ በጉሮሮ በኩል ይገባል

ስለ ልብ ሕክምና በየጊዜው የሚሰማው ዜና ሰውን ሁሉ የሚያስደንቅ ነው። ደረት ሳይከፈት በእግር የደም ሥር በኩል የልብ በር ይለወጣል፤ የጠበበ የደም ቧንቧ በቀጭን ሽቦና በትንሽ ፊኛ ይከፈታል፤ የሞተ ሰው ልብ ለሕያው ተሰጥቶ ለብዙ ዓመታት ሲመታ ይኖራል። እኛም በባሕር ማዶ በተማርንበት ጊዜ ከነዚህ ሥራዎች አንዳንዱን በዓይናችን አይተን ተደንቀናል። ነገር ግን ወደ አገራችን ተመልሰን በጤና ሥራ ላይ ከተሰማራን ወዲህ አንድ አሳብ ከልባችን አልጠፋም። ይኸውም ስለ ልብ ደዌ ከተደረጉት ግኝቶች ሁሉ ለአገራችን ልጆች እጅግ የሚጠቅመው ከሁሉ የረከሰው፣ ከሁሉ የቀለለው፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ነው የሚል አሳብ ነው። ይህ ግኝት ለዓለም የተገለጸው በ1950 ነው፤ መሣሪያው ፔኒሲሊን ነው፤ የሚጀመርበትም ቦታ ሆስፒታል ሳይሆን የትምህርት ቤት ክፍል ነው። ስለዚህ ጽሑፋችንን በተለይ ለመምህራን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

እንደሚታወቀው ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል፣ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታ የሥጋ ፓምፕ ነው። ደም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚጠብቁ 4 በሮች አሉት፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። እነዚህ በሮች እንደ ነጠላ ጨርቅ የሳሱ ቢሆኑም በጤናቸው ሳሉ ዕድሜ ልክ ያገለግላሉ። በሩ ከጠበበ ግን ደም ከበስተኋላው እየተጠራቀመ ሳንባን ያጨናንቃል፤ በሚገባ የማይገጥም ከሆነም ደሙ ወደ መጣበት ይመለሳል። በዚህም ሆነ በዚያ ልብ ከዐቅሙ በላይ እየሠራ ይደክማል። በሽተኛው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌሊት ትራስ ደራርቦ ካልሆነ መተኛት አይችልም፤ እግሩም ያብጣል።

በበለጸጉት አገሮች የልብ ደዌ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በዕድሜ የገፋ ሰው፣ የደም ሥሩ በስብ የጠበበ ወይም የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ነው። ይህ ዓይነቱ ደዌ በኛም ከተሞች እየበዛ መምጣቱን አንክድም። ዛሬ የምንናገርለት ግን ሌላ ነው፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው፣ በልጅነት ዘመን የልብን በሮች የሚያበላሸው ደዌ ነው። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ደዌ አለባቸው፤ በየዓመቱም ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ይሞቱበታል። ከነዚህም የሚበዙት በድኻ አገሮች የሚኖሩ፣ ገና ሠርተው ያልጠገቡ ወጣቶች ናቸው። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ በእርግዝና ወራት የደሙ መጠን ሲጨምር የታመመው ልብ ሸክሙን መሸከም ስለሚያቅተው ሕመማቸው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገለጽ እናቶች ብዙ ናቸው።

አመጣጡን ለሚመረምር ሰው ነገሩ እንግዳ ነው። መነሻው ከልብ ርቆ በጉሮሮ ላይ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ በሳልና በትንፋሽ፣ እርስ በርስ በመጠጋጋት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፍና ጉሮሮን ያሳምማል፤ በተለይ የሚያጠቃውም ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው። የጉሮሮው ሕመም መድኃኒት ሳይወሰድለትም በጥቂት ቀን ውስጥ ራሱ ይተዋል፤ ቤተ ሰብም ልጁ ዳነ ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ሰውነት ተሐዋሲውን ለመውጋት ያሰለፈው ሠራዊት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ያህል ቆይቶ በአንዳንድ ልጆች ላይ ይሳሳታል። ሌባ ሲያባርር ቆይቶ በጨለማ የቤቱን ጌታ እንደሚደበድብ ዘበኛ፣ መልኩ ከተሐዋሲው ጋር የተመሳሰለበትን የገዛ አካሉን ይወጋል። ያን ጊዜ ትኩሳት ይነሣል፤ መገጣጠሚያዎች በተራ ያብጣሉ፤ የልብም በሮች ይቆስላሉ። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። የመገጣጠሚያው ሕመም ያለ ጠባሳ ይድናል፤ የልቡ ቁስል ግን ጠባሳ ይተዋል። የጉሮሮው ሕመም በተመላለሰ ቁጥርም ትኩሳቱ ይመላለሳል፤ ጠባሳውም እየደደረ ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በአገራችን ልማድ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉ ወረደ ይባልና ወደ እንጥል ቆራጭ ይወሰዳል። ቁስሉ ከሚያመጣው አደጋ ሌላ፣ እንጥል መቁረጥ በጉሮሮ ያለውን ተሐዋሲ አይገድልም። የጉሮሮው ሕመም በራሱ ጊዜ ሲተው ምስጋናው ለምላጩ ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ ጉልበቱ ሲያብጥ ደግሞ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ይባላል፤ ሁለቱን ነገር አገናኝቶ የሚያስብ ሰው የለም። ይህን ስንል ወላጆችን ለመንቀፍ አይደለም። የተማርን የምንባለውም ከዚህ ስሕተት አልዳንንም፤ በራሳችን እጅ የደረሰውን እንናገራለን።

ወደ አገር በተመለስንበት በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ወረዳ ከተማ ስንሠራ፣ ዕድሜዋ 12 ዓመት የሆነ አንዲት ተማሪ ከእናቷ ጋር መጣች። ጉልበቷ አብጦ ያማታል። ባለፈው ሳምንት ያመማት ቁርጭምጭሚቷ እንደ ነበረ እናትየዋ ነገሩን። ከአንድ ወር በፊትም ጉሮሮዋን አሟት ትኩሳት ይዟት እንደ ነበረ፣ እንጥሏን አስቆርጠዋትም እንደ ዳነች ጨምረው አጫወቱን። በዚያ ቀን ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር፤ እኛም ቸኩለን ነበር። በመዝገቡ ላይ ቁርጥማት ብለን ጻፍን፤ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሰጥተን አሰናበትናት። የተማርነው ሁሉ ከእናትየዋ አፍ እየተነገረን ሳለ አልሰማነውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይህችው ልጅ በታላቅ ወንድሟ ጀርባ ታዝላ መጣች። በመካከሉ በስፖርት ሰዓት ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ስለምትቀር ሰነፍ ተብላ ተቀጥታለች፤ ኋላም ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ዳገት መውጣት ስላቃታት ትምህርቷን ትታለች። ማዳመጫችንን በደረቷ ላይ ስናኖር ከልቧ ይሰማ የነበረው እንደ ወናፍ የሚነፋ ድምፅ ነበር። ዛሬ በየ4 ሳምንቱ መርፌዋን ትወጋለች፤ ለልብ ቀዶ ሕክምናም ተራዋን ትጠብቃለች። እናትየዋ አልወቀሱንም። በመዝገብ ላይ የጻፍናትን ያችን አንዲት ቃል ግን እኛ እስከ ዛሬ አልረሳናትም።

እንግዲህ ሊቃውንት ይህን ደዌ ለማወቅና ለማከም ምን ያህል እንደ ደከሙ በአጭሩ እናስታውስ። ደም በልብ ኀይል በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር ዊልያም ሃርቬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ላኤኔክ አንዲት በሽተኛ ሲመረምር ጆሮውን በደረቷ ላይ ማኖር ስላልተመቸው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ የልቧንም ድምፅ በጆሮው ከሚሰማው ይልቅ አጥርቶ ሰማው። ዛሬ በሐኪም ሁሉ አንገት ላይ የሚታየው ማዳመጫ ከዚያ ወረቀት የተወለደ ነው። በ1929 ቬርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ የደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰ፤ ከዚያም በእግሩ ሄዶ በራጅ አስነሣው። በዚያን ጊዜ የገጠመው ነቀፋ ነበር፤ በ1956 ግን ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ለኛ ነገር ከሁሉ የሚቀርበው ግን በ1953 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ የተደረገው ነው። ኢንገ ኤድለር የተባለ የልብ ሐኪም በሩማቲክ ትኩሳት የጠበበውን የልብ በር ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት አጥርቶ ለማወቅ ይቸገር ነበር። ሄልሙት ሄርትዝ ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጋር ተባብሮ በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ ለመፈለግ የሚያገለግለውን፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚልክ መሣሪያ በሰው ደረት ላይ ሞከረው። ድምፁ ከልብ ግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ የልብን እንቅስቃሴ በሥዕል አሳየ። ዛሬ የልብ አልትራሳውንድ የምንለው ምርመራ መጀመሪያው ይህ ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ለየዓይነቱ የልብ ሕመም የሚያገለግለው ይህ መሣሪያ ከዚሁ ከድኾች ልጆች ደዌ ጋር በተደረገ ትግል የተገኘ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ይህ መሣሪያ እየቀለለ ሄዶ ዛሬ በእጅ የሚያዝ ሆኗል፤ ከሆስፒታልም ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሊሄድ ችሏል። በ2007 የታተመ አንድ ምርምር ያሳየው ነገር የሚያስደነግጥ ነው። በካምቦዲያ 3,677 ተማሪዎች ሲመረመሩ በማዳመጫ የተገኙት በሽተኞች 8 ነበሩ፤ በአልትራሳውንድ የተገኙት ግን 79 ሆኑ። በሞዛምቢክ ከ2,170 ተማሪዎች በማዳመጫ የተገኙት 5፣ በአልትራሳውንድ የተገኙት 66 ነበሩ። ጆሮ አንድ ልጅ ሲያገኝ ዓይን ከዐሥር የማያንስ አገኘ ማለት ነው። በአገራችንም በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የተደረጉት ምርመራዎች ሕመማቸውን ሳያውቁ በክፍል ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች መኖራቸውን ገልጸዋል።

ስለ ሕክምናው የተደረገውም እንዲሁ ታላቅ ነው። በ1948 በአሜሪካ ቻርልስ ቤይሊና ድዋይት ሃርከን የጠበበውን የልብ በር በቀዶ ሕክምና ለመክፈት ቻሉ። በ1953 ጆን ጊበን የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ መኪና ተጠቅሞ ልብን ከፍቶ ጠገነ። በ1960 ሰው ሠራሽ የልብ በር መተካት ተጀመረ። በ1984 ደግሞ ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በሚገባ ፊኛ የጠበበውን በር መክፈት እንደሚቻል ለዓለም አስታወቀ። በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ሕክምና ማዕከል ብዙ ልጆች ታክመው ድነዋል፤ ይህ ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው።

ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምና የተበላሸውን ይጠግናል እንጂ እንዳልተበላሸ አያደርገውም። የብረት በር የገባለት ሰው ደሙ በበሩ ላይ እንዳይረጋ ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት መውሰድ፣ ደሙንም በየጊዜው ማስመርመር ግድ ይሆንበታል። መድኃኒቱ ሲበዛ ያደማል፤ ሲያንስም ደም ይረጋል። በሽተኛዋ ልጃገረድ ሆና ኋላ ስታገባና ስታረግዝ ይኸው መድኃኒት ለእርሷም ለፅንሱም አሳሳቢ ነው። ከጤና ተቋም የሁለት ቀን መንገድ ርቃ ለምትኖር ልጅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምት። የሚጠግኑትም እጆች ጥቂት፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ 1950 እንመለስ። በአሜሪካ በዋዮሚንግ ግዛት በፎርት ዋረን የጦር ሠፈር በጠባብ ቤት ተጨናንቀው የሚያድሩ ወጣት ወታደሮች በስትሬፕቶኮከስ የጉሮሮ ሕመም ይታመሙ ነበር። ዴኒ፣ ዋናሜከርና ራመልካምፕ የተባሉት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ከታመሙት ለ798ቱ ፔኒሲሊን ሰጡ፤ 804ቱ ግን አልተሰጣቸውም። መድኃኒቱን ካላገኙት ውስጥ 17 ሰዎች የሩማቲክ ትኩሳት ያዛቸው፤ ካገኙት ግን 2 ብቻ። በዚህም ጉሮሮ በጊዜው ከታከመ ልብ እንደሚድን በማያሻማ መንገድ ታወቀ። የጉሮሮው ሕመም ከጀመረ 9 ቀን ሳያልፍ ፔኒሲሊን የጀመረ ሰው ከትኩሳቱ ሊጠበቅ እንደሚችልም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ፔኒሲሊን ደግሞ ከአንቲባዮቲክ መድኃኒቶች ሁሉ ቀደምት ከሆኑትና ዋጋቸው ካነሰው አንዱ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ቃል በሕክምና መጽሐፍ ቢጻፍ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ባልተገኘለት።

ጉሮሮው በጊዜው ያልታከመ፣ በሩ መቁሰል የጀመረ ልጅስ ተስፋ የለውምን? ለዚህ ጥያቄ መልሱ የመጣው ከሩቅ አገር ሳይሆን ከጎረቤታችን ከምሥራቅ አፍሪካ ነው። በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ ከ100 ሺህ በላይ ልጆች በአልትራሳውንድ ተመረመሩ፤ ደዌው በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሆኖ ምልክት ገና ያላሳየባቸው 818 ልጆችም ለጥናቱ ተመደቡ። እኩሌቶቹ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ሲወጉ እኩሌቶቹ አልተወጉም። በ2021 የተገለጸው ውጤት እንዲህ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌውን ካልወሰዱት ልጆች 8.2 በመቶው ደዌያቸው ሲብስ ከወሰዱት ግን የባሰበት 0.8 በመቶው ብቻ ነበር። ቀድሞ የታወቀ ደዌ ባለበት ሊቆም ይችላል ማለት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ በሽታውን ያላወቀውም እንዲሁ ነው።

በባሕር ማዶ ሳለን የደረሰብንን አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። አንድ ቀን የልብ ሕክምና መምህራችን ተማሪዎቹን ሁሉ ጠርቶ በአንዲት ሽማግሌ በሽተኛ አልጋ ዙሪያ አቆመን፤ በሩማቲክ ትኩሳት የጠበበ የልብ በር ዛሬ በዚህ አገር ብርቅ ስለ ሆነ በሚገባ አዳምጡ አለን። ጓደኞቻችን በተራ እያዳመጡ ሲደነቁ እኛ ዝም አልን። ያን ድምፅ ከልጅነታችን ሰፈር ልጆች ደረት ውስጥ ልንሰማው እንደምንችል እናውቅ ነበርና። ያ አገር ከዚህ ደዌ የዳነው በመድኃኒት ብቻ አይደለም። ፔኒሲሊን ከመገኘቱ አስቀድሞም ሰዎች ተፋፍገው ከሚተኙበት ጠባብ ቤት ሲወጡ፣ ኑሯቸውና ምግባቸው ሲሻሻል፣ ሕመሙ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ የመኖሪያ ቤት ስፋት፣ የክፍል መስኮት መከፈትና የእጅ መታጠብ ነገር በዚህ መጽሔት በየወሩ የሚደጋገመው ለወግ ያህል አይደለም። እነዚህም የልብ መድኃኒቶች ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች አገሪቱ የሚያስፈልጋት ታላላቅ የልብ ሆስፒታል ነው እንጂ የጉሮሮ ወሬ አይደለም ይሉን ይሆናል። ሆስፒታሉ አያስፈልግም አላልንም፤ ዛሬ ተራ የሚጠብቁት ልጆች ልጆቻችን ናቸው። ነገር ግን ከላይ የሚፈሰውን ቧንቧ ሳይዘጉ ከታች ውሃ መጥረግ ማለቂያ የለውም። ሌሎች ደግሞ የፔኒሲሊን መርፌ ሰው ይገድላል ብለው ይፈራሉ፤ ይህ ፍርሃት በሕዝቡ ብቻ ሳይሆን በጤና ሠራተኞችም ዘንድ አለ። መድኃኒቱ የማይስማማቸው ሰዎች በእርግጥ አሉ፤ ስለዚህ ሳይጠየቅና የድንገተኛ መድኃኒት ሳይዘጋጅ መርፌ መውጋት አይገባም። ሆኖም እንዲህ ያለው ጽኑ አደጋ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም በ2022 እንደ ገለጸው፣ ከመርፌው በኋላ ከደረሱት ሞቶች አንዳንዶቹ ልባቸው አስቀድሞ እጅግ በተጎዳ ሰዎች ላይ የደረሱ፣ ከመድኃኒቱ አለመስማማት ይልቅ ከልብ ድካም የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እንደዚህ ላሉት በሽተኞች በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ ኪኒን መስጠት ይመረጣል። ለሌሎቹም ምግብ በልተው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ተኝተው ቢወጉ ይሻላል። እንግዲህ ምርምር ፍርሃትን በጥንቃቄ ይለውጣል እንጂ መድኃኒቱን አያስጥልም።

ከዚህ በኋላ የመምህራን ድርሻ ምን እንደ ሆነ እንናገር። መምህር ሐኪም ይሁን አንልም። ነገር ግን ልጅን በየቀኑ በብርሃን የሚያየው፣ የትናንቱን ከዛሬው የሚያስተያየው መምህሩ ነው፤ ሐኪም ይህ ዕድል የለውም።

አንደኛ፤ ጉሮሮውን የሚያመው፣ ትኩሳት ያለው፣ የአንገቱ ዕጢ ያበጠ፣ ነገር ግን ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ የሌለበት ልጅ ሲገኝ ወላጆቹ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ይነገራቸው። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ፔኒሲሊን አያሻውም፤ የሚበዛው በጉንፋን የሚመጣ ነው። ይህን መለየት የጤና ሠራተኛ ሥራ ስለ ሆነ ከመደብር መድኃኒት ገዝቶ መስጠት አይገባም።

ሁለተኛ፤ ዛሬ ቁርጭምጭሚቱን፣ ነገ ጉልበቱን፣ ከነገ ወዲያ ክርኑን የሚያመው ልጅ ቁርጥማት ነው ተብሎ አይተው። ጽሕፈቱ የተስተካከለ የነበረ ልጅ በድንገት ፊደሉ ሲበላሽ፣ እርሳስ ከእጁ ሲወድቅበት፣ ሳይወድ ፊቱና እጁ ሲንቀሳቀስ ቀልደኛ ወይም ሰነፍ ነው ተብሎ አይቀጣ፤ ይህም ከሩማቲክ ትኩሳት ምልክቶች አንዱ ሊሆን ይችላል። በሩጫ ሰዓት ትንፋሽ አጥሮት የሚቀመጠውም ልጅ ከመቀጣቱ በፊት ይመርመር።

ሦስተኛ፤ የመርፌ ቀጠሮ ያለው ተማሪ በዚያ ቀን ቀሪ ተብሎ አይመዝገብ። መርፌው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት የሚወሰድ ነው፤ ልጁም ራሱን ጤነኛ መስሎ ስለሚታየው ይሰለቻል። ቀጠሮህ ነገ ነው የሚለው የአስተማሪ ቃል ከኛ ካርድ ይልቅ ኀይል አለው።

አራተኛ፤ የክፍሉ መስኮት ይከፈት፤ በአንድ ዴስክ ላይ ልጆች አይታጨቁ፤ ውሃ የሚጠጣበት ጣሳ የጋራ አይሁን፤ ሲያስሉ አፍን መሸፈንና እጅን በሳሙና መታጠብ ከፊደል ጋር አብሮ ይታስተምር ዘንድ ይገባል።

ለኛ ለጤና ሠራተኞች የሚቀረውም ቀላል አይደለም። በ2015 የአፍሪካ አገሮች ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ይህን ደዌ ከአህጉራችን ለማጥፋት ሊደረጉ የሚገባቸውን ሥራዎች ዘርዝረው አውጥተዋል፤ በ2018ም የዓለም ጤና ጉባኤ ስለዚሁ ደዌ ውሳኔ አሳልፏል። ከተዘረዘሩትም መካከል በሽተኞችን በመዝገብ ይዞ መከታተልና ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ ዋኖች ናቸው። ውሳኔው በኛው ዋና ከተማ ተወስኖ ሳለ መምህሩ የላከው ልጅ ከጤና ጣቢያ ደርሶ መድኃኒት የለም ከተባለ፣ መምህሩ ሁለተኛ እንዲልክልን መጠየቅ አንችልም። ስለዚህ መምህራንን የምንጠይቀውን ያህል ከራሳችንም እንጠይቃለን፤ ሲጎድለን ደግሞ ጎደለ በሉን።

ሊቃውንት ለዚህ ተሐዋሲ ክትባት ለማግኘት ዛሬም ይደክማሉ፤ በሥራ ላይ የዋለ ግን ገና የለም። ክትባቱ እስኪመጣ ድረስ ያለን መሣሪያ ሦስት ነው፤ የሚያይ መምህር፣ የሚሰማ የጤና ሠራተኛ፣ በመደርደሪያ ላይ የማይጠፋ ፔኒሲሊን። የልብ ቀዶ ሕክምና ማድረግ የሚችሉ ጥቂቶች ናቸው። ጉሮሮህን ያምሃልን? ብሎ መጠየቅ ግን ሁላችንም እንችላለን። ያችን የ12 ዓመት ልጅ በዚያ ቀን ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቀን መልሱን ብንሰማ ኖሮ ዛሬ ከእኩዮቿ ጋር ዳገቱን ትወጣ ነበር።